የጃፓን ጃዝ-ሂፕሆፕ ቢት አሠራር፦ ከሸክላ መረጣ እስከ ፈቃድ

ጃዝንና ሂፕሆፕን መጀመሪያ ያገናኙት አሜሪካኖች ናቸው። ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት የተባለው ቡድን በ1991 ባወጣው አልበም ላይ ታላቁን የኮንትራባስ ተጫዋች ሮን ካርተርን አስጫውቷል። የጋንግ ስታር ቡድኑ ራፐር ጉሩ ደግሞ በ1993 የጃዝ ሙዚቀኞችን ስቱዲዮ አስገብቶ ከራሱ ራፕ ጋር አዋሕዷል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቶኪዮ የተሠራው ግን ገና ሲጀምር ይለያል። በኒውዮርኩ ቢት (ከሸክላ በተቀነጨበ ዜማና በከበሮ የሚሠራ፣ ራፐር የሚራፕበት ሙዚቃ) አብዛኛውን ጊዜ ከበሮው ይቀድማል፤ ጃዙ ተቆራርጦ በከበሮው መሐል ይሰካል። በቶኪዮው ቢት ዜማው ይቀድማል። ፒያኖው ወይም ጊታሩ የጀመረውን ሐሳብ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም፤ ከበሮው እሱን ሰምቶ ነው የሚገባው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

በዋናነት የምንከተለው የቢት ሠሪውን የኑጃቤስን መንገድ ነው። ኑጃቤስ በ1974 ቶኪዮ ተወለደ። ሺቡያ በተባለው የቶኪዮ ሰፈር የሸክላ መደብር ነበረው፤ ሃይድአውት ፕሮዳክሽንስ የተባለውን አሳታሚም ያቋቋመው እሱ ነው። በ2003 «ሜታፎሪካል ሚዩዚክ»ን፣ በ2005 «ሞዳል ሶል»ን አወጣ። በመካከሉ በ2004 ለ«ሳሙራይ ቻምፕሉ» አኒሜ ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ ሆነና ስሙ ከጃፓን ውጭ ተሰማ። በፌብሩዋሪ 2010 በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ተማሪው ሁሉ ሲያጠና ከጀርባ የሚከፍተው ሎ-ፋይ የሚባለው ሙዚቃ ትልቅ ዕዳ ያለበት ለእሱ ነው።

መመሪያው ሙዚቃ ቆጥሮ መከተል ለሚችልና ኮምፒውተር ወይም ደህና ስልክ ላለው ሰው ነው። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ማዳመጥ

ይህን ደረጃ ለመዝለል የሚቸኩል ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ እዚህ ላይ እንድትቆዩ ነው። ጃፓኖች ወደዚህ ሙዚቃ የደረሱት በማዳመጥ ነውና። ጃዝ ኪሳ የሚባሉ ቡና ቤቶች አሏቸው። ዮኮሃማ ያለው ቺጉሳ የተከፈተው በ1933 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከውጭ የሚመጣ ሸክላ ለአንድ ደሞዝተኛ የማይቀመስ ስለነበር፣ ሰው አንድ ስኒ ቡና አዝዞ ግሩም በሆነ ድምፅ ማጉያ ሙሉ አልበም ያዳምጥ ነበር። በብዙዎቹ ቤቶች ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነበር። አርት ብሌኪ በ1961 ቡድኑን ይዞ ጃፓን ሲገባ የጠበቀው እንዲህ ጆሮው የተሳለ ሕዝብ ነው።

ሂፕሆፕ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1983 የ«ዋይልድ ስታይል» ሂፕሆፕ ፊልም ሰዎች ቶኪዮ መጥተው ትርኢት አሳዩ። ጃፓናዊው ዲጄ ክራሽ ሕይወቱን ወደ ሙዚቃ ያዞረው ያንን ካየ በኋላ ነው፤ የሱም ትውልድ ዮዮጊ ፓርክ አካባቢ አደባባይ ላይ እየተጫወተ አደገ።

ለማዳመጥ ሦስት አልበም ይበቃል፦ የኑጃቤስ «ሞዳል ሶል»፣ ዲጄ ክራሽ ከመለከት ተጫዋቹ ቶሺኖሪ ኮንዶ ጋር በ1996 ያወጣው «ኪ-ኦኩ»፣ የሰንዳይ ከተማ ልጅ የሆነው ዲጄ ሚትሱ ዘ ቢትስ በ2003 ያወጣው «ኒው አወከኒንግ»። ከእያንዳንዱ አንድ ሙዚቃ ምረጡና ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ከበሮውን ብቻ ተከተሉ፤ ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) አብዛኛውን ጊዜ 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ መሆኑን ልብ በሉ። በሁለተኛው ቤዙን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ) ብቻ። በሦስተኛው የሚደጋገመው ዜማ ስንት ባር እንደሆነ ቁጠሩ፤ አንድ ባር አራት ምት ነው። ሁለት ባር ነው? አራት? ስምንት? መልሱን ጻፉት፤ ደረጃ 4 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ መሣሪያ ማሰናዳት

የሂፕሆፕ መሣሪያዎች ራሳቸው አብዛኞቹ የጃፓን ሥራ ናቸው። ዲጄው የሚያሽከረክረው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 በ1972፣ የሮላንድ ቲአር-808 የከበሮ ማሽን በ1980፣ አካይ ከአሜሪካዊው ሮጀር ሊን ጋር የሠራው ኤምፒሲ60 (ድምፅ ቀድቶና ቆርጦ የሚያጫውት ማሽን) በ1988 ወጡ። ብሮንክስ (የሂፕሆፕ መነሻ የሆነው የኒውዮርክ ክፍል) እና ሺቡያ ሳይተዋወቁ በፊት ዕቃው ተዋውቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ያንን ሁሉ መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተር ካላችሁ ኤፍኤል ስቱዲዮ ወይም ኤብልተን የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር፣ ስልክ ብቻ ካላችሁ ኮዋላ ሳምፕለር ወይም በነፃ የሚገኘው ባንድላብ ይበቃል። ገንዘባችሁን ደህና የጆሮ ማዳመጫ ላይ አውሉት። ቤዙን የማያሰማ ማዳመጫ ይዞ ይህን ሙዚቃ መሥራት ልፋት ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ሸክላ መምረጥ

የዚህ ሙዚቃ ግማሽ ሥራ መረጣ ነው። በ1990ዎቹ የሺቡያ ኡዳጋዋቾ ሰፈር የሸክላ መደብር በመደብር ነበር። ኑጃቤስም መደብር ያለው ሰው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሌላው ያላስተዋለውን ሙዚቃ ያገላብጥ ነበር ብንል አንሳሳትም። ፍሬውን ለማየት «አሩዋሪያን ዳንስ» የተባለውን ሥራውን እንመልከት። ጊታሩ የተወሰደው ከብራዚላዊው ሎሪንዶ አልሜይዳ ነው። አልሜይዳ የተጫወተው ደግሞ በ1939 የወጣ «ዘ ላምፕ ኢዝ ሎው» የተባለ የአሜሪካ ዘፈን ነው። የዚያ ዘፈን ዜማ በበኩሉ ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል በ1899 ለፒያኖ ከደረሰው ሥራ የተቀዳ ነው። ከፓሪስ ተነሥቶ በአሜሪካና በብራዚላዊ ጣቶች አልፎ፣ አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ ላይ የስኔር ድምፅ ተጨመረበት። ኑጃቤስ ዜማውን እንዳልነካካው አስተውሉ፤ የሱ ብልሃት ያንን ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው።

እናንተም ስትፈልጉ የሚከተለውን አስቡ። የምትፈልጉት ቦታ ብዙ ጊዜ የሙዚቃው መግቢያ ወይም ማሰሪያ ላይ ነው፤ ድምፃዊው ዝም ያለበት፣ ከበሮው ያልገባበት ወይም በብሩሽ ብቻ የሚነካበት ቦታ። ጊታር፣ ፒያኖ፣ ፍሉት፣ ቫይብራፎን ለዚህ ይመቻሉ። ሦስትና አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚነፋበትን ቦታ ተዉት፤ ለከበሮና ለራፕ ቦታ አይተውም። ዋናው ደግሞ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) መንቀሳቀሱ ነው። አንድ ኮርድ ላይ የቆመ ሙዚቃ ሲደጋገም ቶሎ ይሰለቻል፤ ሦስት ወይም አራት ኮርድ የሚዞር ግን ደጋግመው ሲሰሙትም ያጓጓል።

ደረጃ 4፦ ፍጥነቱን መለካትና መቁረጥ

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ስለሆነ በቁጥር እንሂድ። ያገኛችሁትን ቦታ እየሰማችሁ ምቱን በእግራችሁ ምቱ፤ አራት ባር 16 ምት ነው። 16ቱ ምት 10 ሰከንድ ከፈጀ፣ በደቂቃ 96 ምት ነው ማለት ነው።

የዚህ ሙዚቃ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ 96ን ትንሽ ዝቅ ማድረግ እንፈልጋለን። ዲጄ በሸክላ ማጫወቻ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ያ የሚሰጠው ሙቀት የዚህ ሙዚቃ ጠባይ ስለሆነ እናንተም በሶፍትዌሩ ውስጥ ፍጥነቱና ድምፁ አብረው እንዲወርዱ አድርጉ። ነገር ግን በዘፈቀደ አታውርዱት። 96ን ወደ 88 ብታወርዱት ድምፁ አንድ ተኩል ሰሚቶን (ሰሚቶን በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት ነው) ያህል ይወርዳል፤ ይኼ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ማለት ነው። በኋላ ቤዝ ወይም ፒያኖ ስትጨምሩበት በፍጹም አይገጥምም። ልክ አንድ ሰሚቶን ብታወርዱ ፍጥነቱ 90.6 ይሆናል፤ ሁለት ብታወርዱ 85.5። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፣ የፕሮጀክታችሁንም ፍጥነት በዚያው ቁጥር ላይ አድርጉ።

አሁን ቁረጡ። መነሻው የመጀመሪያው ኖታ ከተመታበት ቅጽበት ላይ መሆን አለበት፤ ሞገዱን አጉልታችሁ መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ቁረጡ፣ አለዚያ በየዙሩ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አራት ባር በ90.6 ፍጥነት 10.6 ሰከንድ ነው። የቆረጣችሁት ከዚህ ብዙ ከራቀ አንድ ቦታ ተሳስቷል፤ በጥቂቱ ብቻ ከራቀ ግን ሙዚቀኛው ራሱ ፈጠን ወይም ዘግየት ብሎ ተጫውቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በየባሩ መነሻ ላይ ብቻ አስተካክሉት። እያንዳንዱን ኖታ የሶፍትዌሩ ምት መለኪያ ፍርግርግ ላይ ማስቀመጥ የሰውየውን እጅ ማጥፋት ነው።

በዚህ ደረጃ ቁረጡት፣ ገልብጡት፣ በታትኑት የሚል ፈተና ይመጣል። የ1987ቱ ኤስፒ-1200 ማሽን በጠቅላላ 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ በሱ የሚሠሩ ሰዎች በጭረፍታ ቢቆርጡ ማሽኑም እያስገደዳቸው ነው። እናንተን የሚያስገድድ የለም። አራቱን ወይም ስምንቱን ባር እንዳለ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ከበሮ

ስኔሩን 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ አስቀምጡ። ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) 1ኛው ላይ፣ ከዚያም ከ3ኛው ምት በፊት ባለው ግማሽ ምት ላይ፣ ከዚያም 3ኛው ራሱ ላይ። ሃይ-ሃቱን (ጥንዱን ጸናጽል) በየግማሽ ምቱ። ይኼ አጽም ነው፤ እንዲህ እንዳለ ግን ማሽን ማሽን ይላል።

ሕይወት የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመምቻ ኃይል ነው። ሃይ-ሃቶቹን አንዱን ጠንከር አንዱን ለስለስ አድርጉ፤ ከ3ኛው በፊት ያለችውንም ኪክ ከሌሎቹ በሩብ ያህል ቀንሱ። ሁለተኛው ስዊንግ ነው። በኤምፒሲ ላይ ስዊንግ ከ50 በመቶ ጀምሮ እስከ 75 ይሄዳል፤ 50 ቀጥ ያለ ማለት ነው። በ90 ፍጥነት አንድ ምት ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፋይ 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስዊንጉን 58 ብታደርጉ እያንዳንዱ ሁለተኛ ክፋይ 27 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመታል። በጆሮ «ዘገየ» ብሎ የሚያውቀው የለም፤ ገላ ግን ያውቀዋል፣ አንገት መነቅነቅ ይጀምራል። ስዊንጉ የሚሠራው እነዚህ ክፋዮች ላይ ስለሆነ ከ4ኛው ምት በኋላ ባለው የመጨረሻ ክፋይ ላይ አንዲት ቀጭን ኪክ ጨምሩ፤ ልዩነቱ ያኔ ቁልጭ ይላል። ከ54 እስከ 60 ባለው ውስጥ ሞክሩ። ከ66 በላይ ወደ ድሮ ስዊንግ ጃዝ ይሄድባችኋል።

ስለ ከበሮ ሲነሣ የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ስም አለመጠራቱ አይሆንም፤ ኖታ ሆን ብሎ ከምቱ ወጣ አድርጎ በማስቀመጥ የታወቀው እሱ ነው። እሱና ኑጃቤስ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1974። በሁለት ዓለም ጫፍ ሆነው ሁለቱም ማሽንን እንደ ሰው ማስመታት ቻሉ፤ ሁለቱም አርባ ሳይሞላቸው አለፉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

የከበሮው ድምፅ ለስላሳ ይሁን። የጃዝ ራይድ ጸናጽል ከዜማው ጋር ቀስ ብሎ ቢገባ ያምራል። ከበሮው ሲገባ ጊታሩ የተዋጠ ከመሰላችሁ ከበሮውን ቀንሱ፣ ጊታሩን አትጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ቤዝ

ከሸክላው የመጣው ድምፅ የራሱ ቤዝ ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የደበዘዘ ነው። ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ አውጡትና የራሳችሁን ቤዝ ተጫወቱ። የኮርዱን መሠረት በ1ኛው ምት፣ ወደሚቀጥለው ኮርድ የሚያሻግር አንድ ኖታ በ4ኛው መጨረሻ ላይ፤ ለመጀመሪያ ሥራ ይህ ይበቃል። ኪኩና ቤዙ ባንድ ላይ ሲያርፉ ቤዙ ትንሽ ይዘግይ።

ደረጃ 7፦ በላዩ ዜማ መጨመር

ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው በጣም የሚጥመው ደረጃ ይህ ይመስለኛል። የጃፓን የሕዝብ ዜማ እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፤ አምስቱ ድምፆች ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ከኛ ቅኝቶች ጋር አንድ ናቸው። ፒያኖ ላይ ነጩን ቁልፍ ብቻ እየነካችሁ አረጋግጡ።

ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፦ እኛ ዘንድ ትዝታ ሜጀር፣ እነሱ ዘንድ የዮናኑኪ ሜጀር።
ላ ሲ ዶ ሚ ፋ፦ ትዝታ ማይነር፣ የነሱ ዮናኑኪ ማይነር።
ሚ ፋ ላ ሲ ዶ፦ አምባሰል፣ የነሱ ሚያኮ-ቡሺ።
ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፦ ባቲ ሜጀር፣ የኦኪናዋ ደሴቶች የሪዩኪዩ ቅኝት።

ቅኝቱ አንድ ነው ማለት ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። ድምፁን የሚያርገበግቡበት፣ የሚያርፉበትና የሚያንጠለጥሉበት ቦታ ይለያያል። በክራር ያደገ ጆሮ ግን ከአንድ አሜሪካዊ ጀማሪ ይልቅ ለዚህ ሙዚቃ ቅርብ ነው። ታሪኩም ይገናኛል፦ ፒያኒስቷ ቶሺኮ አኪዮሺ በ1956 ቦስተን በርክሊ ስትገባ የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ተማሪ ነበረች፤ ጥቂት ቆይቶ ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የመጣ የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ። ሁለቱም የአገራቸውን ድምፅ በጃዝ ውስጥ ፈለጉ። የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ደግሞ በ2010 በራፐሩ ናስና በሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ እጅ የሂፕሆፕ ቢት ሆኗል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስት ኮርድ ያለው ዙር እንበል፦ ኤፍ ሜጀር 7 (ፋ ላ ዶ ሚ)፣ ዲ ማይነር 9 (ሬ ፋ ላ ዶ ሚ)፣ ኤ ማይነር 9 (ላ ዶ ሚ ሶል ሲ)። በላዩ በትዝታ ማይነር፣ ማለትም በላ ሲ ዶ ሚ ፋ፣ ተጫወቱ። በመጀመሪያው ኮርድ ላይ አምስቱም ያምራሉ፤ በተለይ ሲ ላይ ብትቆዩ ሰማይ የተከፈተ ያህል ይሰማል። በሁለተኛውም ችግር የለም። በሦስተኛው ላይ ግን ፋን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ከሚ ጋር ይጋጫል፣ ነክታችሁ እለፉ። ዋሽንት የሚነፋ ወዳጅ ካላችሁ ጥሩት። ዲጄ ክራሽ የኮንዶን መለከት፣ ኑጃቤስም የኡያማ ሂሮቶን ሳክስፎን ያስገቡት፣ ከሚደጋገመው ዙር በላይ የማይደጋገም ትንፋሽ ስለፈለጉ ነው።

ሁለት ባር ተጫወቱ፣ ሁለት ባር ዝም በሉ። ዝምታው ሲበዛ ሸክላው ይሰማል።

ደረጃ 8፦ ማደራጀት

አራት ባር ዜማው ብቻ፤ ከዚያ ከበሮ፤ ከስምንት ባር በኋላ ቤዝ። በየስምንት ባሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አንዴ ኪኩን ለሁለት ምት አውጡት፣ አንዴ ሃይ-ሃቱን፣ አንዴ ዋሽንቱን መልሱት። መሐል ላይ ከበሮውን በሙሉ አውጥታችሁ ዜማውን ለአራት ባር ብቻውን ተዉት። ሦስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ራፐሩ

ያለ ራፕም ይቆማል። ራፕ ከፈለጋችሁ ግን ድምፁን የሚጮህ ሳይሆን የሚያወራ ሰው ፈልጉ። ኑጃቤስ ያገኘው ሺንጎ02ን ነው፦ ቶኪዮ ተወልዶ፣ ልጅነቱን በከፊል ታንዛኒያና እንግሊዝ አሳልፎ፣ በጉርምስናው ካሊፎርኒያ የገባ ሰው። አብረው የሠሩት «ላቭ(ሲክ)» ተከታታይ ሥራ በ2001 ተጀምሮ፣ ኑጃቤስ ከሞተም በኋላ ቀጥሎ 6ኛው ክፍል በ2013 ወጣ። ሺንጎ02 ቃሉን የሚያስቀምጠው ጊታሩ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ራፐራችሁ ከመጻፉ በፊት ቢቱን ደጋግሞ ይስማ፤ ዜማው የሚያርፍበትን ያውቅና ቤት መድፊያውን እዚያ ላይ ያሳርፍ።

ደረጃ 10፦ ማጣራትና ፈቃድ

በሚክሱ ላይ ብዙ አልልም። ቤዙንና ኪኩን መሐል አድርጉ፣ ዜማውን ወደ ጎንና ጎን ትንሽ ዘርጉት፣ ድምፁን እስከ ጫፍ አትግፉት። የሸክላ ጭረት ድምፅ ከመተግበሪያ አምጥቶ መጨመር ፋሽን ሆኗል፤ ከእውነተኛ ሸክላ ካልቀዳችሁ ባትጨምሩት እመርጣለሁ።

ፈቃዱ ግን ችላ የሚባል አይደለም። በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት መብት አለ፦ የዜማ ደራሲው እና ቀረጻውን ያሳተመው። ምንጩ ጃፓን ከሆነ የደራሲውን መብት ብዙውን ጊዜ የሚያስተዳድረው በ1939 የተቋቋመው ጃስራክ ነው፤ ለቀረጻው ደግሞ አሳታሚውን መጠየቅ ነው። ምንጩ የአገራችን ሸክላ ከሆነም በኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ «የድሮ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ለመማር የፈለጋችሁትን ቁረጡ። ለሕዝብ ልትለቁት ስትሉ ግን ኮርዱን በራሳችሁ ጊታር ወይም ፒያኖ አስጫውታችሁ ብትቀዱ የአሳታሚው ጥያቄ ይቀራል፤ የደራሲው ግን ዜማውን እስከተጠቀማችሁ ድረስ አለ። ዜማውም ኮርዱም የራሳችሁ ከሆነ ማንንም አትጠይቁም፤ በአንድ ማይክሮፎን ቅዱት፣ አንድ ሰሚቶን አውርዱት፣ ከደረጃ 4 ጀምሮ እንደ ሸክላ ቁረጡት።